ሽምብራዋ የተቀመጠችበት

እንግዳው ንፍሮውን በግራ እጁ ተቀበለ።

የብርጓል ልብ አለችው። ሰፌዱን ይዛ በድንኳኑ ውስጥ ስትዞር ለቀስተኛው ሁሉ ሁለት እጁን አጋጥሞ ነበር የሚዘረጋላት። ይህ ሰው ግን ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር እንደሸሸገ ግራውን ብቻ አወጣ። "እግዜር ያጥናችሁ" አላት፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ አልነበረም። ከእሷ ጀርባ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር የተደረደሩትን የአባቷን ዕቃዎች ነበር የሚያየው።

"አየሽው?" አሏት አክስቷ እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ ወደ ሴቶቹ ወገን ስትመለስ ነጠላዋን ጎተት አድርገው። እማሆይን ምንኩስናው ከሥጋ አገዳቸው እንጂ ከወሬ አላገዳቸውም። "ለቅሶ ቤት መጥቶ በግራ እጅ።"

"ደክሞት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው አሉ።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። ሰው ለገዛ እናቱ በማይመጣበት መንገድ፣ ደጀን ላይ አድሮ ለወንድሜ ለቅሶ የሚደርስ ማን ነው? ዘመድ እንዳልል ዘመዶቻችንን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ደግሞስ አልቅሷል? አላለቀሰም። ከመጣ ጀምሮ ያንን ወረቀት ነው የሚያየው።"

የብርጓል ዞር ብላ አየች። እውነትም ወረቀቱን ነበር የሚያየው።

ወረቀቱና ሌሎቹ ዕቃዎች ትናንት፣ በቀብሩ ዕለት፣ ሜዳ ወጥተው የተመለሱ ናቸው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ልብሱና መሣሪያው በለቅሶው መሐል ይዞራል፤ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃው፣ በቅሎ ያለው በቅሎው እየታየ ይለቀስለታል። አባቷ አንሙት ጠመንጃም በቅሎም አልነበረውም። ዕድሜውን የፈጀው አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ፣ በአውሮፕላን ሆድ የተሰገሰገውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እየፈለገና እየቀጠለ ነው። ታላቅ ወንድሙ አያ አማረ ግን "የወንድሜ ለቅሶ ባዶውን አይውልም" አሉና ሰማያዊ ቱታውን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ከአልጋው ራስጌም ተጠቅልሎ የተገኘውን ትልቅ ወረቀት አስወጡ።

ወረቀቱ ሜዳው ላይ ሲዘረጋ ከውስጡ አንዲት ደረቅ ሽምብራ ዱብ አለች። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር መስመር ብቻ ነው፤ መስመሩ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ በሌላ መስመር ላይ ተሻግሮ ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል አለው። አልቃሿ ምን ብላ እንደምታወድሰው ግራ ሲገባት "የሰማዩን መንገድ ቀያሽ" ብላ ተወጣችው። ከሰዉ አንዱ የመሬት ፕላን ነው አለ፤ ሌላው ጠልሰም ነው አለ። ሽምብራዋ ጠልሰም ነው ላሉት ጥሩ ምስክር ሆነችላቸው። የብርጓል ሽምብራዋን ከአፈሩ ላይ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት እንጂ ለማንም ምንም አልተናገረችም።

ምን እንደሆነች ግን ታውቃለች። ልጅ ሳለች አባቷ ለበዓል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ጊዜ አልፎባቸው ከሥራ የወጡ የሽቦ መሄጃ ሥዕሎች ይዞላት ይመጣ ነበር። የሰው አባት ከረሜላ ያመጣል፤ የእሷ አባት የሽቦ ሥዕል። መሬት ላይ ያነጥፈውና ጎን ለጎን በሆዳቸው ተኝተው ያነቡታል። እሷ ቸኩላ መስመሩን ልትነካ ስትል እጇን ቀለብ ያደርገዋል።

"መጀመሪያ የማን ነው በይ።"

"የማን ነው?"

"ጥጉን እይ። ቁጥሮቹን አየሻቸው? ይኼ ሥዕል የእነዚህ አውሮፕላኖች ብቻ ነው። አውሮፕላን እንደ ወንድማማች ነው፤ ፊቱ ይመሳሰላል፣ ሆዱ ግን ለየብቻ ነው። የአንዱን ሥዕል ይዘሽ የሌላውን ሆድ ከነካሽ ጉድ ፈላ።"

ከዚያ በኋላ ነው ጣቷን መስመሩ ላይ የሚያስቀምጥላት። ሁለት መስመር ሲቆራረጥ ነጥብ ካለበት ሽቦዎቹ ተገናኝተዋል፤ ነጥብ ከሌለበት ተላልፈው ሄዱ እንጂ አይተዋወቁም። እናቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ምሳ ቀረበ" ብላ ስትጠራ አባቷ ከኪሱ ቆሎ ያወጣና አንዲት ሽምብራ መርጦ የደረሱበት ቦታ ላይ ያስቀምጣታል። ሃንጋር ውስጥም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። "እቺ ጣቴ ናት" ይላታል። "እስክንመለስ ትጠብቅልናለች።"

ያ ሰው ነው ጡረታው ሳይደርስ ሻንጣውንና ያንን ጥቅል ይዞ ድንገት አገሩ የገባው። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አንሙት ሽቦ አሳስቶ የአውሮፕላን የጭነት በር የአንድ ሠራተኛ እጅ ላይ ተዘጋ፣ በዚያ ምክንያት ተባረረ ተባለ። እሱ አልካደም፣ አላመነም። ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ከአባቱ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

የብርጓል ማርቆስ ከተማ መጋረጃ ትሰፋለች። እሑድ እሑድ እየመጣች ስትጠይቀው ወረቀቱ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ታገኘዋለች፤ ኮቴዋን ሲሰማ ይጠቀልለዋል። በበዓል ቀን ደግሞ ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቆይና አንድ ቃል ሳይናገር ይመለሳል። ሴት ይዟል ብላ ጠረጠረች። ወዲያው ደግሞ የባሰ ነገር ጠረጠረች። አንድ እሑድ አላስችል ብሏት ጠየቀችው።

"አባባ፣ እውነት አንተ ነህ ያጠፋኸው?"

"ሥዕሉ ልክ ነው" አላት። "ያነበብኩትም ልክ ነው።"

"ታዲያ ሰውየው እንዴት ተጎዳ?"

ጥቅሉን ወደ ራስጌው ገፋ አደረገው። ልክ የሆነ ሥዕል በልኩ ተነብቦ ሰው የሚጎዳበትን ምክንያት ብታወጣ ብታወርድ አልመጣላትም፤ አባቴ ዋሸኝ ብላ ደመደመች። ከዚያ ወዲህ እሑዶቹ እያጠሩ፣ እየተዘለሉ ሄዱ። ሞቱን የሰማችውም በስልክ ነው። ድንኳን ውስጥ ሰፌድ ይዛ ስትዞር ውስጧን የሚያቃጥላት ይኸው ነበር። አባቷ ሰው አጉድሎ የዋሸ ሰው ከሆነ እንደዚያ አድርጋ መቅበር አለባት። ካልሆነ ደግሞ የበደለችው እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ከድንኳኑ ውጪ፣ ከውኃ በርሜሉ አጠገብ አገኛት። ጋቢውን እንደተከናነበ ነው።

"እህቴ፣ ያንን የጋሽ አንሙትን ወረቀት አንድ ጊዜ ባየው።"

"ወረቀቱን ከየት ያውቁታል?"

"አብረን ሠርተናል። አበባው እባላለሁ።"

"አባባ አበባው ሲል ሰምቼው አላውቅም።"

ሰውየው ይህን ሲሰማ ትከሻው ወረድ አለ። ያዘነ ሰው አይመስልም፤ ሸክሙን ያወረደ ነው የሚመስለው። ስሜ አልተነሳም ብሎ ደስ የሚለው ምን ዓይነት ሰው ነው?

"ለቅሶው ይውጣና እናያለን" አለችው። ወዲያው ተመልሳ ወረቀቱን ከምሰሶው ሥር አነሳችና ጓዳ ገብታ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ ወሸቀችው።

ከጓዳ ስትወጣ አያ አማረ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

"ምን አለሽ?"

"ወረቀቱን ልየው አለኝ።"

"ብዬ ነበር" አሉ በጭራቸው ወደ ድንኳኑ እያመለከቱ። "ወንድሜን ያስባረረው እሱ ነው። አሁን ሞተ ሲሉት የሠራውን ሊያጠፋ መጣ። ነገ ሰልስቱን አውጥተን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሰው ፊት አስነሥቼ እጠይቀዋለሁ።"

"ባይሆንስ አያ?"

"ባይሆን እጁን ምን አስደበቀው?"

እማሆይ መልሱን አውቀውታል። "ሽጉጥ ነው" ብለው ቆርጠው ተናገሩና የቀኑን ቀሪ ከእንግዳው ራቅ ብለው፣ ምሰሶውን ተከልለው ተቀመጡ። እሳቸውን የሰማ ሰው ሁሉ ወደዚያ ጋቢ ሲያይ ዋለ። ሰውየውም ይህን ያወቀ ይመስላል፤ ሰው ሲያየው ጋቢውን ይበልጥ ይሰበስባል፣ ጋቢውን ሲሰበስብ ሰው ይበልጥ ያየዋል።

በማግስቱ ወንዶቹ ለሰልስቱ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሴቶቹ ጓሮ ንፍሮ ያማስላሉ። የብርጓል ጨው ልትወስድ ወደ ቤት ስትገባ ከጓዳ የጆንያ መንሸራተት ሰማች።

አበባው ነው። በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ጥቅሉን ከጆንያው ጀርባ እየጎተተ ነበር። ጋቢው ከትከሻው ወርዷል።

"ያስቀምጡት" አለችው።

ሰውየው ደነገጠ፤ ጥቅሉን ግን አልለቀቀም። የብርጓል ሴቶቹን ለመጥራት አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ቀኝ እጁን ያየችው። ጠቋሚ ጣቱና የመሐል ጣቱ ከሥራቸው የሉም።

"እርስዎ ነዎት?" አለች ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "በሩ የተዘጋብዎት ሰው?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ለሁለት ቀን ያጠራቀመችው ጥርጣሬ ሁሉ ተናደና በምትኩ ሌላ ቆመ። "አባቴ ሞቷል። ቂም ካለብዎ ከእኛ ምን ይፈልጋሉ?"

"ቂም የለኝም እህቴ። ይኼን ወረቀት ልቀደው ነው የመጣሁት።"

"ለምን?"

አበባው ጥቅሉን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

"እንግዲያው ከመቅደድዎ በፊት ያንብቡልኝ" አለችው።

የአባቷ አልጋ ላይ ዘረጉት። ለዓመታት ተጠቅልሎ ስለኖረ እየታጠፈ አስቸገራቸው፤ አንዱን ወገን እሷ ያዘች፣ ሌላውን እሱ በግራ እጁ ተጫነው። ቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ስለሌለው በቀለበት ጣቱ መስመሩን ተከተለ። አነባበቡ የአባቷ ነው፤ አይቸኩልም፣ ጣቱን ከመስመሩ አያነሳም።

"ኤሌክትሪኩ ከዚህ ይነሳል። በዚህ ያልፋል። እዚህ ነጥብ የለም፣ ተላልፈው ነው። እዚህ ማገናኛው ውስጥ ይገባል፤ ፒን አሥራ አራት፣ የሽቦው መግቢያ ቁጥር ነው። ከዚያ ወደ መብራቱ ይሄዳል። በሩ መዘጋቱን የምትናገር ትንሽ መብራት ናት። ጋሽ አንሙት እሷን ሊሞክር ነው አሥራ አራት ላይ ኤሌክትሪክ የሰጠው። እኔ የበሩን ጠርዝ ይዤ ቆሜ ነበር።"

"መብራቷ በራች?"

"በሩ ተዘጋ።"

ሥዕሉ መብራት ይላል፤ አባቷም መብራት ብሎ አነበበ። ሥዕሉ ልክ ነው፣ ያነበብኩትም ልክ ነው። አልዋሻትም ነበር። ታዲያ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ልጅ ሆና መሬት ላይ ተኝታ ስትጠይቀው የነበረው። ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ጥግ መለሰች። ጥጉ ላይ የአበባው ግራ እጅ አርፎበታል።

"እጅዎን ያንሱልኝ።"

አላነሳም።

"አቶ አበባው፣ እጅዎን ያንሱ።"

ቀስ ብሎ አነሳ። ከሥሩ የአውሮፕላኖቹ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ቁጥሮቹ ላይ ደግሞ ትንንሽ ክብ የቅባት ምልክቶች አሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ወረቀቱን አወይበውታል። ሌላው የወረቀቱ ገጽ ንጹሕ ነው። አባቷ ወረቀቱን በዘረጋ ቁጥር ሽምብራዋን ያሳረፈው እዚህ ነው። አገሩ ከገባ በኋላ መስመሩን አንድም ቀን አልተከተለውም፤ እዚህ ጥግ ላይ ነው ሲቀመጥ የኖረው።

"ያን ቀን የነበረው አውሮፕላን ከእነዚህ ውስጥ ነው?"

"አይደለም። ይኼ ቀድሞ የተሠራው፣ የታላቁ ሥዕል ነው። ያን ቀን የገባው ታናሹ ነበር። በታናሹ ሆድ አሥራ አራት የሚሄደው ወደ በሩ ሞተር ነው።"

"ሥዕሉን ከመደርደሪያ ያወጣው ማን ነው?"

አበባው ጎዶሎ እጁን በሌላው እጁ ያዘው። "እኔ ነኝ። ከቀኙ መደርደሪያ ማውጣት ሲገባኝ ከግራው አወጣሁ። አምጥቼ ሰጠሁት፤ ቸኩለን ነበር፣ እሱም አምኖኝ ጥጉን ሳያይ ጀመረ። እኔ ሐኪም ቤት ሆኜ አለቆች ሲጠይቁት 'ያነበብኩት እኔ ነኝ' ብሎ ብቻ ወጣ አሉኝ። ወረቀቱ ጠፋ። እሱ ይዞት እንደሄደ ገባኝ። አንድ ቀን ያወጣብኛል ብዬ ፈራሁት። በየበዓሉ ይደውልልኝ ነበር፤ አላነሳሁለትም።"

"ምን ሊልዎት ነበር የሚደውለው?"

"ምን አውቃለሁ። አላነሳሁማ።"

ልትመታው ፈለገች፤ እጇ ተነሥቶ ነበር። አባቷ ጓሮ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲጠብቅ ታያት። ይኼ ሰው አያነሳም። እሷ ደግሞ ከቤት ውስጥ ሆና ሴት ይዟል ትላለች። ሁለቱም አንድን ሰው በየፊናቸው ጠርጥረው ብቻውን ትተውታል። እጇ ወረደና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ለሰው ስታለቅስ ነበር፣ አሁን ለአባቷ አለቀሰች።

ውጪ የሰው ድምፅ በረከተ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል።

"የት አለ ያ ሰውዬ?" ይላሉ አያ አማረ።

አንድ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ በቃ። ሥዕሉን ያሳሳተው ይኸውላችሁ ብትል የአባቷ ስም ድንኳኑ ሳይነቀል ይታደሳል፤ አያ አማረም የቀረውን ይጨርሱታል። ደግሞም ውሸት አይሆንም። የብርጓል ወደ በሩ አየች፣ ወደ ወረቀቱም አየች። አባቷ ማንንም መወንጀል ቢፈልግ ማስረጃው እጁ ላይ ነበር። እሱ ግን ሽምብራዋን ያስቀመጠው ያን ቀን ራሱ ሳያየው ባለፈው ቦታ ላይ ነው።

የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ ሽምብራዋን አወጣችና ከወየበው ክብ ላይ መልሳ አስቀመጠቻት።

"አባባ ያቆመው እዚህ ነው" አለችው። "አሁን ከፈለጉ ይቅደዱት።"

አበባው ሽምብራዋን አወቃት። ስንት ዓመት አብሮት ሲሠራ ስንት ጊዜ አይቷታል። ፊቱን በጋቢው ሸፈነና ከመጣ ጀምሮ ያላለቀሰውን አለቀሰ። ወረቀቱን ማንም አልነካውም።

"ይነሡ፤ ድንኳን እንግባ" አለችው ቆይታ። "የሆነውን እናገራለሁ። አልጨምርብዎትም፣ አልቀንስልዎትም።"

ሲገቡ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አያ አማረ ጭራቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። "አንተ ሰው፣ ማን ነህ?" አሉ።

"አያ፣ አበባው ይባላል" አለች የብርጓል። "በሩ የተዘጋው በእሱ እጅ ላይ ነው። የሽቦውን ሥዕል ያመጣው እሱ ነው፤ ያነበበው አባባ ነው። ሥዕሉ የሌላ አውሮፕላን ነበር። ጥጉን ሁለቱም አላዩም።"

እማሆይ ከምሰሶው ጀርባ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

"እንግዲያ ጥፋቱ የማን ነው?" አሉ አያ አማረ፣ ዓይናቸውን ከእንግዳው ላይ ሳይነቅሉ።

"የሁለታችንም ነው አባቴ" አለ አበባው። "የተሸከመው ግን እሱ ብቻውን ነው። ይኼንን በሕይወት ሳለ መጥቼ መናገር ነበረብኝ።"

አያ አማረ ጭራቸውን አነሱ፤ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሊያስነሡት ያዘጋጁት ቃል ሁሉ አፋቸው ላይ የቀረ ይመስላል። በመጨረሻ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁ። "ተቀመጥ" አሉት።

የብርጓል ሰፌዱን ይዛ ዞረች። ንፍሮው ገና ትኩስ ነው። አበባው ጋ ስትደርስ እንደ ልማዱ ግራውን ሊዘረጋ ጀምሮ ተወው፤ ጋቢውን ገለጥ አደረገና ቀኙን አወጣ። ሰው ሁሉ አየው። እሷ ዘግና እጁ ላይ አፈሰሰችለት። ጣቶቹ በጎደሉበት በኩል ንፍሮው መፍሰስ ሲጀምር ሰፌዱን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ አስደገፈችና ሌላውን መዳፏን ከእጁ ሥር አስገባች። በክፍተቱ የሾለከውን ስንዴና ሽምብራ፣ እሱ በልቶ እስኪጨርስ ቆማ ተቀበለችለት።